ሦስተኛዋ ካንዴላ

"እቺን እዩ" አለን ናሁሰናይ መጥቶ፣
ስልኩን ከአባባ ዓይን ሥር አስጠግቶ፤
"ሁለት ዓመት ብቻ ውሃ የነካት ናት፣
ጥላ አላት፣ ወንበር አላት፣ ዓሣ የሚያሳይ መስታወት አላት፤
በየወሩ ቀስ እያልን እንከፍላለን።
ያቺን አሮጊት ግን በቃ እንሸጣለን፤
ስሟ ብቻ ነው ስንዱ!"
"ማን ሊገዛት?" አለች እናታችን ስንዱ፣
"ስሜን ተሸክማ፣ ልጆቼ ሊክዱ!"

አባባ ዝም አለ። አይሰማም ጆሮው፤
ከመርከብ ሆድ ውስጥ ነው መስማቱን የጣለው፣
ከናፍጣ ሞተሮች ጩኸት ጋር፣
ምጽዋ ላይ፣ በዚያ በድሮው ባሕር።
ጀልባዋን ያገኛት በግዢ አይደለም፤
ዑበይድ የሚባል አሠሪ "ገንዘብ የለኝም"
ብሎ የአምስት ወር ደመወዙን ሲበላ፣
"ይቺን ውሰድ" አለው ከዘንባባው ጥላ።
የአምስት ወር ላብ ናት። ማንም አልመረቃት።
አባባ ነጭ ቀባት፣ በሚስቱ ስም ጠራት።

ኡም አልቀይዋይን፣ ኾሩ ዳር፣ ነሐሴ ላይ፣
አቧራ የለበሰ፣ ዝቅ ያለ ሰማይ፤
በአሮጌ ጎማዎች ላይ ጀልባዋን ገልብጠን፣
የብርጭቆ ወረቀት በየእጃችን ይዘን
ፋቅን፤ ነጩ ሄደ፣ ሰማያዊ መጣ፤
ሰማያዊው ሄዶ አመድማ ቀለም ወጣ፣
የጦር መርከብ ቀለም። አባባ አየና
ፊቱን አዞረብን፣ ብሎን ሊፈልግ እንደገና።

ዳድ ከሪም መጣ፣ ባሉቹ ጠጋኙ፤
በመዶሻው እጀታ ሆዷን አንኳኳና፦
"እዚህ ደህና... እዚህም ደህና..."
ኋላዋ ላይ ሲደርስ፣ ሞተር የሚታሰርበት፣
እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። አንገቱን ነቀነቀላት።

"አላልኩም?" አለ ናሁሰናይ።

በመጋዝ ከፈትነው። ጥቁር ዝቃጭ ፈሰሰ፣
ሣምንት የከረመ ሻይ የመሰለ።
ከዝቃጩ መሀል ግን አንድ ሳንቃ አለ፣
ደረቅ፣ ቀይ፣ ግትር። ዳድ ከሪም ጠረገው፤
በምስማር የተጫረ፣ የተወላገደ "ና" ነው፣
ከጎኑ "ሁ"፣ ቀጥሎ ግማሹ የጠፋ "ሰ"።
ናሁሰናይ ስልኩን ኪሱ ውስጥ መለሰ።

"አልጋዬ" አለ።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ
ከትምህርት ቤት ሲመለስ አልጋው ሳንቃ ጎድሎት፣
"ምስጥ በላው" ነበር አባታችን ያለው።
ምስጥ! በዚህ አሸዋ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ!
በጋውን በሙሉ ወለል ላይ ተኝቶ፣
ከኔ ተጣልቶ፣ ትራሴን ቀምቶ፤
ምስጡ ግን ባሕር ላይ ሐሙር ያጠምድ ነበር።

"ምስጡ አንተ ነህ ለካ!" ጮኸ፣ ወደ ጆሮው፤
አባባ የሰማው ግን "ምሳ ደረሰ" ነው።
"አልራበኝም" አለ፣ ብሎኑን እየቀባ ግሪስ።

ያን ቀን ማንም ምንም አልወሰነም።
ብቻ ናሁሰናይ ሸሚዙን አወለቀ፤
እስኪመሽ ድረስ ፋቀ።

እውነቱን ለመናገር፣ ወጪው ሲደመር
የአዲሷን ግማሽ ይገዛ ነበር፤
ለሬዚን፣ ለቀለም፣ ለእንጨት፣ ለመለዋወጫ፣
ሁለት ጊዜ ደግሞ ለተሳሳተ ጋስኬት መግዣ።
ሳንቃውን ዳድ ከሪም "ደህና ነው" ብሎ
መለሰው ወደ ቦታው፣ በፋይበር ጠቅልሎ።

ኅዳር ላይ፣ ሙቀቱ ሲለዝብ፣ አወረድናት።
"ስሜን አጣመማችሁት" አለች እናቴ ስታያት።
ገመዱን ሳብኩ። አንዴ። ሁለቴ።
በሦስተኛው ሳለች፤ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፤ ተነሣች።
ናሁሰናይ መሪ ላይ፣ እኔ ከቤንዚኑ ጎን፣
ሽመላዎች ከጭቃው ቀና ብለው እያዩን።

አባባ መዳፉን ከሞተሩ ክዳን
አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። የሚጸልይ መሰለን፤
ዝም አልን።

ጥቂት ቆይቶ፦
"ሦስተኛዋ ካንዴላ" አለ፣
"እንደዚህ ልጅ ናት፤ ዘግይታ ነው የምትነደው።
አጥፉትና መፍቻ ስጡኝ።"

ኪሳችንን ዳበስን፣ ከወንበር ሥር ፈለግን፤
ኾሩ መሀል ላይ ነን።
መፍቻውን የያዘ ከመሀላችን የለም።